ከሐረጉ ሳይለይ፦ የሜሎን ዕድገት፣ የቁስሉ መዳንና የመቆያ ዕድሜው

በደንብ የበሰለ ዱባ በጎጆ ጥግ ተቀምጦ ለወራት ሳይበላሽ ሲቆይ ታዝባችሁ ይሆናል። የዚሁ ዱባ ዘመድ የሆነው ሜሎን ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። መረብ ለበሱ ዓይነት በቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ እንኳ ቢቀመጥ የሚቆየው ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ከመጋዘኑ ውጭ ደግሞ ዕድሜው ከዚያም ያጥራል። ገበሬው ወራት የደከመበት ፍሬ በጭነት መኪና ላይ ተደራርቦ ሲንገጫገጭ የጥፍር ጭረት የምታህል ቁስል ብትደርስበት፣ በዚያች ቀዳዳ የገባው ሻጋታ ያንን ፍሬ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትንም ጭምር ያበሰብሳል።

ይህን ጥፋት ለመከላከል ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ዘዴ ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት ውስጥ መንከር ነው። ዘዴው ይሠራል። ነገር ግን የመድኃኒቱ ቅሪት በልጣጩ ላይ ይቀራል፤ ሻጋታዎቹም ከጊዜ በኋላ መድኃኒቱን መቋቋም ይለምዳሉ። ስለዚህ የተክል በሽታ ተመራማሪዎች ሌላ ጥያቄ አነሡ። ፍሬው ገና በሐረጉ ላይ ሳለ፣ ኋላ የሚደርስበትን ቁስል ራሱ ፈጥኖ እንዲያድን ማዘጋጀት ይቻል ይሆን? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ሜሎንና ዘመዶቹ

ሜሎን በሳይንሳዊ ስሙ ኩኩሚስ ሜሎ ይባላል። ከዱባ፣ ከቅል፣ ከሐብሐብና ከኪያር ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ለኪያር ነው፤ ሁለቱም የኩኩሚስ ወገን ናቸውና። ሐብሐብ በመልኩ ቢመስለውም ወገኑ ሌላ ነው። በ2019 የ1,175 የሜሎን ናሙናዎችን የዘር ውርስ መርምሮ የታተመ ጥናት፣ ተክሉ በሰው እጅ የለመደው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ፣ ሁለቱ በሕንድ አንዱ ደግሞ በአፍሪካ ምድር መሆኑን አመልክቷል። እንግዲህ ሜሎን ለአህጉራችን የቅርብ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ለርእሳችን የሚያስፈልጉን ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ልጣጩ በመረብ መሰል ሻካራ መስመሮች የተሸፈነው ነው፤ ይህን መረብ ለበስ ሜሎን እንለዋለን። ሁለተኛው ልጣጩ ሰም የተቀባ የሚመስል ለስላሳው ዓይነት ሲሆን፣ በንግድ ዓለም ሃኒዲው በሚል ስም ይታወቃል። ከእነዚህ ጋር በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በሺንጂያንግና በጋንሱ በረሃማ አካባቢዎች በመስኖ የሚለማውን ሐሚ ሜሎን እንጨምራለን። ሐሚ ሜሎን ከሚመረትበት ቦታ እስከ ታላላቆቹ የምሥራቅ ከተሞች ድረስ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ስለ ሜሎን መበስበስ የተደረገው ብዙ ምርምር ከዚያ መምጣቱ አያስደንቅም።

መረቡ ጠባሳ ነው

በመረብ ለበሱ ሜሎን ላይ የምናየውን ጥልፍ ብዙ ሰው ጌጥ አድርጎ ይመለከተዋል። እውነቱን ስንመረምር ግን ጠባሳ ሆኖ እናገኘዋለን።

ፍሬው ለጋ ሳለ ልጣጩ ለስላሳና አረንጓዴ ነው። አበባው ከዳበረ ከሁለትና ከሦስት ሳምንታት ገደማ በኋላ የውስጠኛው ሥጋ መወፈሩን ሲቀጥል፣ የውጨኛው የሕዋሳት ንጣፍ ግን አብሮ መለጠጥ ያቅተዋል። ያደገ ልጅ የአምናውን ሸሚዝ ሲለብስ ስፌቱ እንደሚተረተር ሁሉ ልጣጩም በብዙ ቦታ ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ ከስንጥቁ በታች ያሉት ሕያዋን ሕዋሳት ለሁለት መከፈል ይጀምራሉ። አዲሶቹ ሕዋሳት እየተደራረቡ ቡሽ የሚመስል ንጣፍ ይሠራሉ፤ ስንጥቁን ደፍነውም ከልጣጩ በላይ ከፍ ብለው ይወጣሉ። የእነዚህ ሕዋሳት ግድግዳ ሱበሪን በሚባል ውኃ በማያስተላልፍ ንጥረ ነገር የተሞላ ነው። በ2004 በእስራኤል ተመራማሪዎች የታተመ ሥራ፣ ፔሮክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በሜሎን ልጣጭ ላይ ከዚህ የሱበሪን ክምችት ጋር የተያያዘ ሥራ እንዳለው አሳይቷል።

ይህ ግኝት ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። መረብ ለበስ ሜሎን ገና ሳይቆረጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁስሎችን ያዳነ ፍሬ ነው፤ የመዳን ብልሃቱን ከማንም አልተማረም፣ በተፈጥሮው ይዞት መጥቷል። ስለዚህ የተመራማሪው ሥራ ፍሬው የማያውቀውን ነገር ማስተማር ሳይሆን፣ የሚያውቀውን በሚያስፈልግበት ሰዓት ፈጥኖ እንዲያደርገው ማገዝ ይሆናል።

የጃፓን አትክልተኞች ይህን ሳይንሱ ከመብራራቱ በፊት በልምድ ደርሰውበታል ማለት ይቻላል። መረቡ በሚወጣበት ሰሞን ውኃውን ይቀንሳሉ፤ ስንጥቁ ቀጭንና ተመሳሳይ እንዲሆን ነው። ፍሬውንም በእጅ ጓንት እያሹ ያጸዳሉ። ከአንድ ሐረግ ላይ አንድ ፍሬ ብቻ የሚያስቀሩ አሉ። በ2019 ከሆካይዶ የመጡ ሁለት የዩባሪ ሜሎኖች በጨረታ በ5 ሚሊዮን የን መሸጣቸውን ስንሰማ ግን፣ ዋጋው ለፍሬው ሳይሆን ለወሬው የተከፈለ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

መረቡ ሌላም ገጽ አለው። ሻካራ በመሆኑ አፈርና ባክቴሪያ ይደበቅበታል፤ ታጥቦም በቀላሉ አይጠራም። በ2011 በአሜሪካ ከኮሎራዶ በመጣ መረብ ለበስ ሜሎን ምክንያት በተነሣው የሊስቴሪያ ወረርሽኝ 33 ሰዎች ሞተዋል። ለፍሬው ጥሩ የሆነ ጠባሳ ለተመጋቢው ሁልጊዜ ጥሩ ላይሆን ይችላል።

አንድ ጭረት ከደረሰች በኋላ

አሁን ደግሞ ወደ ቁስሉ ውስጥ እንግባ። ልጣጩ ሲቧጨር በመስመሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ፈንድተው ይሞታሉ፤ ስኳር የያዘ ፈሳሻቸውም ይፈስሳል። ይህ ለፍሬው ሁለት አደጋ ያመጣል። በክፍቱ ቦታ ውኃው እየተነነ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የፈሰሰው ስኳር ደግሞ ለፈንገስ ዘር የተዘረጋ ማዕድ ይሆናል። ሜሎንን ከሚያጠቁት ፈንገሶች መካከል ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው አልተርናሪያ፣ ነጭ ሻጋታ የሚያለብሰው ፊውዛሪየም፣ ፍሬውን ፈጥኖ ወደ ውኃነት የሚለውጠው ራይዞፐስ፣ እንዲሁም ሮዝ ቀለም ያለው ትሪኮቴሲየም ዋነኞቹ ናቸው። የመጨረሻው ሥጋውን መራራ ያደርገዋል፤ መርዛማ ንጥረ ነገሮችንም ያመነጫል።

ፍሬው ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም። ጭረቱ ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በአካባቢው የተረፉት ሕዋሳት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ ይህ በፋርማሲ ቁስል ለማጠብ የሚሸጠው ያው ንጥረ ነገር ነው። ሥራው ሁለት ነው፤ ወራሪውን ይጎዳል፣ ለቀሪዎቹ ሕዋሳትም «ተነሡ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ቀጥሎ ፒኤኤል በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጠራው ኢንዛይም ይነሣና ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወደ ሲናሚክ አሲድ ይለውጠዋል። ከሲናሚክ አሲድ ብዙ ዓይነት ፌኖላዊ ውሁዶች ይወለዳሉ። ቀደም ሲል ያነሣነው ፔሮክሲዴዝ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ ተጠቅሞ እነዚህን ውሁዶች እርስ በርስ እያጋጠመ በሕዋሳቱ ግድግዳ ላይ ይገነባቸዋል። ከዚህ የሚገኙት እንጨትን እንጨት የሚያደርገው ሊግኒንና የሱበሪን ፌኖላዊ ክፍል ናቸው። በመጨረሻ ረጃጅም የስብ አሲዶች ይጨመሩና የሱበሪኑ ሁለተኛ ክፍል ይሟላል።

በድንች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በግልጽ እንደታየው፣ ፌኖላዊው ክፍል በዋናነት ተዋሲያንን ይገታል፤ ስባማው ክፍል ደግሞ ውኃ እንዳይወጣ ያግዳል። ግድግዳው የሚቆመው ግን ቀናት ወስዶ ነው፤ የፈንገስ ዘር ለመብቀል ሰዓታት ይበቁታል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚህ እሽቅድምድም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። መበስበስን ለማዘግየት ፍሬውን እናቀዘቅዛለን። መረብ ለበሱ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሃኒዲው ደግሞ ብርድ ስለሚጎዳው ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይቀመጣል። ብርዱ ፈንገሱን ሲያዘገይ ግን የቁስሉን መዳንም አብሮ ያዘገያል። ድንችን ከሆነ አስቀድመን በለዘብተኛ ሙቀትና በርጥበት ለአሥር ቀናት ያህል አቆይተን ቁስሉ ሲድን ወደ ብርድ ልንወስደው እንችላለን። ሜሎን ለዚህ ጊዜ የለውም፤ በአሥር ቀን ውስጥ ይበስላል፣ ይለሰልሳል። ከዚህም ሌላ ፍሬው ከሐረጉ ሲለይ ከቅጠል የሚመጣለት ስኳርና ከሥር የሚመጣለት ማዕድን ይቋረጣል። ቁስሉን የሚያድነው በያዘው ስንቅ ብቻ ነው። አንገቱ የተለየበት ቦታ ራሱ አንድ ክፍት ቁስል መሆኑንም አንርሳ። በማሳ ላይ የሚደረገው ዝግጅት ዋጋ የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ከአስፕሪን የተጀመረው መንገድ

ተክል እንደ ሰው ክትባት ሊቀበል ይችላል የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ብዙዎችን አላሳመነም ነበር። በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ኩችና ባልደረቦቹ ግን በኪያር ላይ ደጋግመው አሳዩት። የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች አንትራክኖዝ የተባለውን በሽታ በሚያመጣው ፈንገስ በመጠኑ ሲበክሏቸው፣ ከዚያ በላይ የሚወጡት ቅጠሎች በሽታውን የሚቋቋሙ ሆኑ። በ1977 ደግሞ ካሩሶና ኩች ይኸው ጥበቃ በቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን በማሳ ላይ በኪያር፣ በሐብሐብና በሜሎን እንደሚሠራ አሳተሙ። የታመመው ቅጠል ላልታመመው መልእክት ልኳል ማለት ነው። መልእክቱ ምን ነበር?

ፍንጩ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1979 የብሪታንያው ተመራማሪ ሬይመንድ ኋይት የትንባሆ ቅጠሎችን አስፕሪን ሲወጋቸው፣ ሞዛይክ የተባለው ቫይረስ የሚያደርስባቸው ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ። አስፕሪን የሳሊሲሊክ አሲድ ዘመድ ነው። በ1990 የታተሙ ሁለት ጥናቶች፣ አንዱ በኪያር ሌላው በትንባሆ፣ ተክሉ ሲጠቃ ሳሊሲሊክ አሲድን ራሱ እንደሚያመርትና መጠኑ እንደሚጨምር አረጋገጡ። እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው እንክብል ተክሉ ለራሱ መከላከያ ከሚያመርተው ንጥረ ነገር ጋር የአንድ ቤት ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የኬሚስቶች ፋንታ ሆነ። ሳሊሲሊክ አሲድ በብዛት ሲረጭ ቅጠል ስለሚያቃጥል፣ ያንኑ የመከላከያ በር የሚከፍት ነገር ግን ተክሉን ብዙ የማይጎዳ ውሁድ ተፈለገ። በ1996 ገበያ ላይ የዋለው አሲቤንዞላር ኤስ ሜቲል የዚህ ፍለጋ ውጤት ነው፤ ባጭሩ ቢቲኤች ይባላል። ልብ እንበል፤ ቢቲኤች ፈንገስን በቀጥታ የሚገድል መድኃኒት አይደለም። ብርጭቆ ውስጥ ከፈንገስ ጋር ብቻውን ቢቀመጥ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው። ሥራውን የሚሠራው ሕያው በሆነ ተክል በኩል ብቻ ነው።

ይህን ውሁድ በሜሎን ላይ የሞከሩት የአውስትራልያና የቻይና ተመራማሪዎች በ2000 ያሳተሙት ውጤት ትምህርት ሰጪ ነው። አበባ በሚያብብበት ጊዜ በቅጠሉ ላይ የተረጨው ቢቲኤች፣ ፍሬው ሲቆረጥ ከተደረገ የፀረ ፈንገስ ነከራ ጋር ተዳምሮ፣ በክምችት ጊዜ የሚደርሰውን መበስበስ በጉልህ ቀነሰው። ርጭቱ የተደረገው ፍሬው ከመፈጠሩ በፊት መሆኑን አስተውሉ። ውጤቱ የታየው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ በመጋዘን ውስጥ ነው። ቀጥሎ በላንጆ ከተማ የሚገኘው የጋንሱ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2011 ባሳተመው ሥራ፣ ቢቲኤች በዕድገት ዘመኑ በተደጋጋሚ ሲረጭ ሜሎኑ በማሳ ላይ የሚሸከመው ድብቅ ብክለት እንደሚቀንስና የፍሬው የመቋቋም ኃይል እንደሚጨምር አመለከተ።

ድብቅ ብክለት የሚለው ቃል ማብራሪያ ይሻል። ብዙዎቻችን ፍሬ የሚበከለው በመጋዘን ይመስለናል። እንደ አልተርናሪያ ያሉ ፈንገሶች ግን ከአበባው ጊዜ ጀምሮ በፍሬው ላይ ያርፋሉ፤ ጥቂት ገብተውም ሳያድጉ ይተኛሉ። ጥሬው ፍሬ ጠንካራ፣ ስኳሩም ጥቂት ነውና ጊዜያቸውን ይጠብቃሉ። ፍሬው ሲበስልና መከላከያው ሲላላ ይነቃሉ። ከተቆረጠ በኋላ የሚደረግ እጥበት ልጣጩ ላይ ያለውን ያጠራ ይሆናል እንጂ ውስጥ የተኛውን አያገኘውም። በማሳ ላይ የተደረገ ርጭት ግን ይደርስበታል፤ ምክንያቱም የሚደርስበት ውሁዱ ሳይሆን የነቃው ፍሬ ራሱ ነው።

ይህ ዝግጅት ቁስልን ከመዳን ጋር የሚያገናኘው በዚያው በፌኖላዊው መንገድ ነው። የተዘጋጀ ፍሬ ሁልጊዜ በሊግኒን ተሸፍኖ አይጠብቅም፤ እንዲህ ቢያደርግ ጉልበቱን ባባከነ ነበር። ነገር ግን ጭረት ሲደርስበት ፒኤኤልና ፔሮክሲዴዝ ፈጥነው ይነሣሉ፣ ግድግዳውም ካልተዘጋጀው ፍሬ ቀድሞ ይቆማል። እሳት እስኪነሣ ድረስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ፣ ሲነሣ ግን ጫማውን የማይፈልግ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይመስላል።

ነገሩ ዋጋ የሌለው ስጦታ እንዳይመስለን። ተክል ለመከላከያ ያዋለውን ስኳርና ናይትሮጅን ለዕድገት ሊያውለው አይችልም። ቢቲኤች በከፍተኛ መጠን ወይም አለመጠን በተደጋገመ ርጭት ሲሰጥ ዕድገትን ሊያቀጭጭና ምርትን ሊቀንስ እንደሚችል በተለያዩ ሰብሎች ላይ ታይቷል። መጠኑና ሰዓቱ በየዝርያውና በየአየር ጠባዩ መሞከር አለበት። «አስፕሪን በውኃ በጥብጦ መርጨት ነው» የሚል ምክር ከሰማችሁ፣ ስንት፣ መቼና በየትኛው ተክል ላይ ብላችሁ ጠይቁ።

ካልሲየም የማይደርስበት ፍሬ

የመከላከያ ርጭት ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳ ለመሥራት ሲሚንቶ ያስፈልጋል። በተክል ሕዋሳት መካከል ያለው ሲሚንቶ ፔክቲን ነው። የፔክቲን ሰንሰለቶችን እርስ በርስ የሚያስተሳስራቸው ደግሞ ካልሲየም ነው። ካልሲየም ያነሰው ፍሬ ቶሎ ይለሰልሳል፤ የፈንገስ ኢንዛይሞችም ፔክቲኑን በቀላሉ ይበታትኑታል።

ታዲያ ማሳው ላይ ካልሲየም መጨመር ብቻ አይበቃም? አይበቃም። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው በዛይለም፣ ማለትም ከሥር ወደ ላይ ውኃ በሚያመላልሰው ቧንቧ ነው። ውኃው የሚሳበው ትነት ወዳለበት ነው፤ ብዙ የሚያተነው ደግሞ ቅጠል ነው፣ ፍሬ አይደለም። ፍሬው እያደገ ሲሄድ ምግቡን የሚያገኘው በአብዛኛው ስኳር በሚያመላልሰው በፍሎየም በኩል ነው፤ በፍሎየም ውስጥ ግን ካልሲየም እጅግ ጥቂት ነው። አንዴ ቅጠል ውስጥ የገባ ካልሲየምም ተመልሶ ወደ ፍሬ አይወርድም። በመሆኑም በካልሲየም በበለጸገ አፈር ላይ ካልሲየም የተራበ ፍሬ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። መፍትሔው ካልሲየሙን በቀጥታ በፍሬው ላይ መርጨት ነው።

በቴክሳስ ግዛት በዌስላኮ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጂን ሌስተር ከባልደረባው ጋር ይህን በማሳ ላይ ሞክሮ በ2004 ውጤቱን አሳትሟል። ከአሚኖ አሲድ ጋር የተጣመረ ካልሲየም ከመቆረጣቸው በፊት በተደጋጋሚ የተረጨባቸው የሃኒዲው ሜሎኖች በቀዝቃዛ መጋዘን ከቆዩ በኋላ ጥራታቸው ካልተረጩት በልጦ ተገኘ። መረብ ለበሶቹ ግን በተመሳሳይ መንገድ ተረጭተው ምንም ጥቅም አላሳዩም።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ሁለቱ ፍሬዎች በአንድ የዝርያ ስም ቢጠሩም ልጣጫቸው አንድ አይደለም። መረቡ ከምን እንደተሠራ አስታውሱ፤ ውኃ ከማያስተላልፍ ሱበሪን ነው። ውኃ እንዳይወጣ ያገደው ቡሽ ካልሲየም የያዘው ውኃም እንዳይገባ ማገዱ የሚጠበቅ ነው። ለአንድ ዓይነት ሜሎን የተጻፈ ምክር ለሌላው ሲገለበጥ ገበሬው ገንዘቡን በልጣጭ ላይ አፍስሶ ይቀራል።

ፖታሲየም ለየት ይላል፤ በፍሎየም ውስጥ እንደ ልቡ ስለሚጓዝ በቅጠል ላይ ተረጭቶ ወደ ፍሬ ሊደርስ ይችላል። ሌስተርና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በፍሬው የዕድገት ዘመን በቅጠል ላይ የተረጨ ፖታሲየም የመረብ ለበስ ሜሎንን ጥንካሬ፣ ስኳር፣ ቫይታሚን ሲ እና ቤታ ካሮቲን ጨምሯል። ኖራ በበዛበት አፈር ካልሲየምና ማግኒዚየም ከፖታሲየም ጋር በሥሩ በር ላይ ይሻማሉ፤ ርጭቱ ይህን ሽሚያ ያልፈዋል። ብዙ ስኳር ያለው ፍሬ ጣፋጭ ብቻ አይደለም፤ ኋላ ቁስል ለማዳን የሚያወጣው ስንቅም በዚያው መጠን ይጨምራል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ስለ ሥር አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በ1920ዎቹ የጃፓን ገበሬዎች ሐብሐብን በዱባና በቅል ሥር ላይ ማዳቀል ጀመሩ፤ በአፈር ውስጥ ያለውን የፊውዛሪየም አጠውላጊ በሽታ ለማምለጥ ነበር። ሜሎንም ዛሬ በብዙ አገሮች በዱባ ሥር ላይ ይዳቀላል። ጠንካራ ሥር ውኃና ማዕድን በብዛት ይስባል፣ ሐረጉም ይበረታል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጥምረቶች የፍሬውን ጣዕም እንደሚቀንሱ ታይቷል።

በገዛ እጃችሁ

የቁስልን መዳን ለማየት ሜሎን መግዛት አያስፈልግም፤ ድንች ይበቃል። መጠናቸው የተቀራረበ ስምንት ድንቾችን ምረጡና ከእያንዳንዱ ላይ በንጹሕ ቢላዋ ተመሳሳይ መጠን ያለው ልጣጭ አንሡ። አራቱን አየር በሚገባበት ዕቃ ውስጥ በርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ በጥላ ሥር፣ በክፍል ሙቀት አስቀምጡ። የቀሩትን አራቱን በተመሳሳይ ሁኔታ ሸፍናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ። ከሰባት ቀን በኋላ ሁሉንም አውጡ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ጠብቃችሁ ጨርቁን አንሡና እያንዳንዱን መዝኑ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ገላልጣችሁ ለአምስት ቀናት በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑ። በሙቀት የሰነበቱት ቁስላቸውን ስለደፈኑ በየቀኑ የሚያጡት ውኃ ከሌሎቹ ያነሰ መሆን አለበት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆናችሁ ከዚህ አልፋችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ከቁስሉ ላይ ቀጭን ቁራጭ በምላጭ አንሥታችሁ በፍሎሮግሉሲኖልና በተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስትቀቡት፣ ሊግኒን ያለበት ቦታ ቀይ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አሲዱ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ኃላፊ አታድርጉት። ሜሎን ያገኘ ደግሞ ያንኑ ቀለም በልጣጩ መረብ ላይ ይሞክርና፣ በማሳ የዳነውን የቆየ ስንጥቅና በቢላዋ የተደረገውን የሦስት ቀን ጭረት ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሣላቸው።